የሚከብደው የቱ ነው? ስለ ሩጫና ስለ ዋና

ነገሩ የተጀመረው እንደ ቀልድ ነበር። የሴሚስተር ዕረፍት ሆኖ ከየትምህርታችን ወደ በዴሳ የተመለስን ሰባት ጓደኛሞች፣ ገበያው ዳር ካለች አንዲት ጠባብ ሻይ ቤት ተቀምጠናል። ወሩ ጥር ነው። ጠዋት ጠዋት ቤተሰብ እናግዛለን፤ ከሰዓት በኋላ ግን ጊዜውን በወሬ ከመግደል በቀር ሌላ ሥራ የለንም። ከመካከላችን አንዱ ሯጭ ነው፤ ስሙን እንዳንጠራ አስምሎናል። ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ በትምህርት ቤቶች ውድድር ሲሮጥ ያደገ፣ ዛሬም ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ካልሮጠ ቁርስ የማይቀምስ ሰው ነው። ሌላው ሐዋሳ ሲማር ገንዳ ውስጥ ዋና የለመደ ነው። ታዲያ እሱ አፉን ሞልቶ፣ «ከስፖርት ሁሉ የሚከብደው ዋና ነው» ብሎ አረፈው።

«እንዴት ተደርጎ!» አለ ሯጩ። «አንተንማ ውሃው ተሸክሞህ ይሄዳል። እኛን ማን ይሸከመናል?»

«አንተ ስትሮጥ እንዳሻህ ትተነፍሳለህ» አለ ዋናተኛው። «እኔ ለመተንፈስ ክንዴን ማስፈቀድ አለብኝ።»

የቀረነው አምስታችን ዳኛ ሆንን። ከአምስታችን አንድም መዋኘት የሚችል፣ አንድም አውቶቡስ እንዳያመልጠው ካልሆነ በቀር ሮጦ የሚያውቅ አልነበረም። ይሁንና ፍርዱን ለመስጠት ማንም ወደ ኋላ አላለም።

ይህ የሻይ ቤት ክርክር ምን ፍልስፍና አለው ትሉን ይሆናል። እኛም መጀመሪያ እንደዚያው ብለን ነበር። ኋላ ግን ጥያቄው እየጎተተ፣ ከባድ የምንለው ነገር በመሠረቱ ምንድን ነው፣ ሰው የሚመሰገነውስ ከባድ ነገር ስለ ሠራ ነው ወይ፣ ክብደቱንስ የሚመዝነው ማን ነው ወደሚል ወሰደን። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ከሻይ ቤቱ አውጥቶ ብላቴ ወንዝ ዳር አደረሰን። የዚያን ቀን የሆነውን ባናይ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍነው ነበር።

መጀመሪያ በቁጥር እንፍታው አልን። (ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ የፈረንጅ ሲሆን እንናገራለን።) በነሐሴ 2008 ዓ.ም. ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ በተደረገው ኦሊምፒክ ከነበሩት ረጃጅም ውድድሮች ሁለቱን ወሰድን። አንዱ ኮፓካባና ባሕር ላይ የተደረገው የወንዶች የ10 ኪሎ ሜትር ዋና ነው፤ የሆላንዱ ፌሪ ዊርትማን በ1 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ አሸነፈ። ሌላው የወንዶች ማራቶን ነው፤ ኬንያዊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ በ2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ከ44 ሰከንድ ሲያሸንፍ የእኛው ፈይሳ ሌሊሳ በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ ሁለተኛ ወጣ። እንግዲህ ተመልከቱ፤ አንዱ 10 ኪሎ ሜትር፣ ሌላው 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር፤ የፈጀው ጊዜ ግን ብዙም አይራራቅም። ዋናተኛው ጓደኛችን ይኸን ሲሰማ ጠረጴዛውን መታ። «አያችሁ! የኔ አንድ ኪሎ ሜትር የሱን አራት ያህል ነው!»

ምክንያቱም ግልጽ ነው። ውሃ ከአየር ወደ 800 እጥፍ ገደማ የከበደና የጠጠረ ነው። ዋናተኛ ፍጥነቱን እጥፍ ላድርግ ቢል ውሃው የሚመልሰው በአራት እጥፍ ነው። ያንኑ ርቀት ለመዋኘት የሚወጣው ጉልበት ለመሮጥ ከሚወጣው አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል ይላሉ የዚህ ሙያ ሊቃውንት። ከዚህም በላይ አንድ ክፉ ነገር አለ፤ ይኸውም ውሃ ጉልበተኛን አያከብርም። ሩጫ ያልተማረ ሰው ሲሮጥ ሩጫው ያምር አያምር እንደሆነ እንጂ መድረሱ አይቀርም። ዋና ያልተማረ ጉልበተኛ ግን ጉልበቱን የሚያወጣው ውሃውን ለመደብደብ ብቻ ነው።

ሯጩም ዝም አላለም። «ታዲያ ጊዜው እኩል ከሆነ ድካሙም እኩል ነዋ» አለ። «ደግሞ የሚሮጥ ሰው እግሩ መሬት በነካ ቁጥር የገላውን ክብደት ሁለትና ሦስት እጥፍ ይቀበላል። ይኸንን በአንድ ማራቶን ስንት ሺህ ጊዜ እንደሆነ ቁጠሩት። ፀሐዩስ? ላቡስ? የሱ ጉልበት በውሃ እየቀዘቀዘ፣ የኔ በአስፋልት ላይ እየተጠበሰ!» ይኸም እውነት ነው። የሯጭ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት የሚያውቀውን የዋናተኛ ጉልበት አያውቀውም። የዋናተኛው ሕመም ትከሻው ላይ ነው።

በርቀት ስንመዝነው ዋና ከበደ። በሰዓት ስንመዝነው እኩል ሆነ። በአጥንት ስንመዝነው ሩጫ ከበደ። ሚዛኑን የመረጠ ፍርዱንም አብሮ መረጠ ማለት ነው።

እኛ ብቻ አይደለንም በዚህ ነገር የተጣላን። እ.ኤ.አ. በ1977 ሃዋይ ውስጥ የሯጮች ሽልማት ሲሰጥ፣ ከስፖርተኛ ሁሉ ጽኑው ሯጩ ነው ወይስ ዋናተኛው፣ ወይስ ብስክሌተኛው የሚል ክርክር ተነሣ። ጆን ኮሊንስ የተባለ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን፣ እንግዲያው ሦስቱንም ባንድ ቀን ሠርተን እንየዋ ብሎ ነገሩን ከወሬ አወጣው። በሚቀጥለው ዓመት በየካቲት ወር አሥራ አምስት ሰዎች 3.8 ኪሎ ሜትር ዋኝተው፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት ነድተው፣ በላዩ ላይ ማራቶን ሊሮጡ ተነሡ። አሥራ ሁለቱ ጨረሱ። ጎርደን ሃለር የሚባለው 11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ ፈጅቶ አሸነፈ። ሁለተኛ የወጣው ሰው ደግሞ የያዘው ውሃ አልቆ ረዳቶቹ ቢራ እየሰጡት ነበር የጨረሰው። (ይህችን የሰማ አንድ ጓደኛችን ከዚያ ቀን ጀምሮ ለስፖርት ያለው አመለካከት ተሻሽሏል።) ታዲያ ክርክሩ ተፈታ ወይ? ኧረ የት! ዋናው ብርቱ ሰው በአንድ ሰዓት ገደማ የሚጨርሰው፣ ሩጫው ግን ሦስት አራት ሰዓት የሚፈጅ ነው። ሚዛኑ አሁንም የመራጩ ነው። ሰዎቹ ጥያቄውን ሊመልሱ ወጥተው አዲስ ስፖርት ፈጥረው ገቡ።

ከጎናችን አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው የቡና ቅጠል ፍላታቸውን እየጠጡ ያዳምጡን ነበር። በወጣትነታቸው ከብት እየነዱ ብላቴን ተሻግረው ወደ ሲዳማ ገበያ የሚመላለሱ ነጋዴ ነበሩ። «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» አልናቸው።

«ልጆቼ፣ እናንተ የምታወሩት ስለ ድካም ነው» አሉ። «ድካምማ ያው ድካም ነው። እኔ መንገድ ላይ ደክሞኝ ዛፍ ሥር ተቀምጬ አውቃለሁ። ብላቴ መሀል የሚቀመጡበት ዛፍ የለም።»

ዋናተኛው በደስታ ዘለለ። ሯጩ ግን ትንሽ አሰበና፣ እኛ ያልጠበቅነውን መለሰ። «ጋሼ ልክ ነዎት» አለ። «እኔም የምለው ይኸንኑ ነው። እሱ መሀል ከገባ በኋላ ምን ምርጫ አለው? ካልዋኘ ይሞታል። ሞት የሚያባርረው ሰው መሮጡ ምን ይደንቃል? እኔን ግን በየእርምጃው ዛፉ ይጠራኛል። አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ሙሉ፣ ተቀመጥ፣ ማን ያይሃል፣ ማንስ ይጠይቅሃል ይለኛል። እኔ በየእርምጃው እንደገና መምረጥ አለብኝ። ከባድ ማለት ይኼ ነው እንጂ!»

እውነቱን ለመናገር ይህ መልስ አፋችንን አስያዘን። ሜክሲኮን አነሣን። በጥቅምት 1961 ዓ.ም. ከባሕር ወለል 2,240 ሜትር ከፍ በምትለው ከተማ በተደረገው ማራቶን አበበ ቢቂላ እግሩን ታሞ ነበር የተነሣው፤ 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ አቋረጠ። ማሞ ወልዴ በሠላሳ ስድስት ዓመቱ ቀጠለና በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ወርቁን አመጣ። በዚያው ውድድር የታንዛኒያው ጆን ስቲፈን አክዋሪ ወድቆ ጉልበቱ ተጎድቶ፣ እግሩን በጨርቅ አስጠቅልሎ እያነከሰ፣ ከማሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይቶ ስታዲየም ገባ። ሦስቱም ፊት ያው ዛፍ ነበረ። አበበ ተቀመጠበት፤ ማንም ፈሪ አላለውም፤ ሊለውም አይገባም። ማሞ አላየውም ይሆናል። አክዋሪ አይቶት አለፈው። ይኸ ሁሉ መንገድ ላይ ብቻ የሚሆን ነገር ነው። ማቆም በሚቻልበት ቦታ ብቻ ነው አለማቆም ትርጉም ያለው።

ግን ይኸም ቢሆን አልጸናም። ከመካከላችን አንዱ በ1867 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ከእንግሊዝ ወደ ፈረንሳይ በባሕር የተሻገረውን የማቲው ዌብን ታሪክ አነሣ። 21 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ውሃ ውስጥ ነበር። ይህን ባሕር ዛሬ የሚዋኙ ሰዎች ከአጠገባቸው ጀልባ ይሄዳል፤ ምግብና መጠጥ ከጀልባው ይወረወርላቸዋል፤ ጀልባውን በእጃቸው የነኩ እንደሆነ ግን ያበቃል፣ አልተሻገሩም ይባላል። እንግዲህ ለዚህ ዋናተኛ ዛፉ ጀልባ ሆኖ፣ ያውም በክንድ ርቀት፣ ሌሊቱን ሙሉ አብሮት ይዋኛል ማለት ነው። ሯጩ በየእርምጃው እመርጣለሁ ያለውን ይኸኛው በየክንዱ ይመርጣል። ስለዚህ ልዩነቱ የመሬትና የውሃ አይደለም፤ አጠገብህ ሰው አለ ወይስ የለም የሚል ነው። ብላቴ ላይ ጀልባ የለም። በረሃ ላይ ብቻውን ውሃ አልቆበት የሚሮጥ ሰውም ዛፍ የለውም።

እዚህ ላይ ስንደርስ መሸና ተበታተንን።

በሦስተኛው ቀን ወደ ብላቴ ወረድን፤ ግማሹን መንገድ በሞተር፣ ግማሹን በእግር። ብላቴ በክረምት ሞልቶ ቡናማ ጎርፍ እየሆነ ወደ ዓባያ ሐይቅ ሲወርድ ለማየትም ያስፈራል። በጥር ግን ይቀጥናል፤ ቢሆንም በሚጠማዘዝበት ቦታ ላይ እረኞች የሚዋኙበት ጥልቅ ኩሬ ይተዋል። ስፋቱ ከአሥራ አምስት ሜትር የሚበልጥ አልመሰለንም። ሯጩ ጓደኛችን ውሃውን አየና ሳቀ። አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው አሥራ አምስት ሜትር ምን ይሆናል? ልብሱን አውልቆ ገባ።

እስከ መሀሉ በጉልበቱ ሄደ። ከዚያ እግሮቹ ወደ ታች ሄዱ፤ ያ ሁሉ ጡንቻ እንደ ድንጋይ ጎተተው። እጁን ሁለት ጊዜ አነሣ። አልጮኸም፤ የሚሰምጥ ሰው እንደማይጮኽ፣ ለመጮኽ የሚሆን ትንፋሽ እንደሌለው ያን ቀን አወቅን። እኛ ግን የሚጫወት መስሎን ሳቅን። አዎን፣ ሳቅን። ከመካከላችን አንዱ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ሊያነሣውም ነበር።

ከብት የሚጠብቅ አንድ ልጅ፣ ዕድሜው ከአሥራ ሁለት አሥራ ሦስት የማይበልጥ፣ ዱላውን እንደያዘ ዘሎ ገባ። ጥቂት ዋኘና ወደ ጓደኛችን ሳይጠጋ ዱላውን ዘረጋለት። (ለምን አልተጠጋህም ብለን ኋላ ብንጠይቀው፣ የሚሰምጥ ሰው አንገት ያንቃል አለን፤ ማን እንደነገረው አናውቅም።) ጎትቶ ዳር አደረሰው። ዋናተኛው ጓደኛችን ጫማውን ፈትቶ ሳይጨርስ ነገሩ አለቀ። እሱም በኋላ እንዳመነልን፣ ገንዳ ውስጥ ሰማያዊ ሆኖ የለመደው ውሃ እዚህ ቡናማ ሆኖ ሲያየው ዋናው ከአካሉ ጠፋበት።

ልጁን ገንዘብ እንስጥህ ብንለው ግራ ገባው። ከባድ ነበር ወይ ብለን ጠየቅነው። «ምኑ?» አለን።

የዚያ «ምኑ?» መልስ እስካሁን አልተገኘም። ሦስት ቀን ሙሉ የትኛው ይከብዳል እያልን የተጨቃጨቅነው፣ የከበደውን የሠራ ክብሩ ይበዛል ብለን ስላሰብን ነው። ይህ ልጅ ግን የሰው ነፍስ ያተረፈው ምንም ሳይከብደው ነው። ታዲያ ሥራው አነሰ ልንል ነው? በሌላ በኩል ሞትን ለጥቂት ያመለጠው ጓደኛችን ከሁላችንም የበለጠ ለፍቷል፤ በሕይወቱ እንደዚያ የከበደው አሥራ አምስት ሜትር የለም። ያን ያህል በመልፋቱ እናመስግነው እንዴ?

ትምህርት ክፍል ውስጥ ያነበብነው እዚህ ላይ ትዝ አለን። አሪስቶትል በአንድ ቦታ ጥበብም በጎነትም የሚገኙት በሚከብደው ነገር ላይ ነው ይላል። በሌላ ቦታ ደግሞ በጎ ሥራን እያቃሰተ የሚሠራ ሰው ገና በጎ አልሆነም፣ በጎ ሰው ደስ ብሎት ነው የሚሠራው ይላል። ሁለቱ እንዴት ይታረቃሉ? ፊሊፓ ፉት የተባለች እንግሊዛዊት ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመችው መጽሐፏ ይህንኑ ጥያቄ ይዛ፣ የክብደትን ምንጭ ጠይቁ ትላለች። ሐሳቧን በእኛው ገበያ ብንመስለው እንዲህ ነው። በዴሳ ገበያ የወደቀ ገንዘብ ያገኙ ሁለት ሰዎች እንበል። ለአንዱ መመለሱ የከበደው ልጆቹ ስለተራቡ ነው። ለሌላው የከበደው ጠግቦ እያለ ዓይኑ ስለማያርፍ ነው። ሁለቱም ታግለው መለሱ። የመጀመሪያው ትግል ታማኝነቱን ያጎላዋል፤ የሁለተኛው ትግል ግን የታማኝነቱን ጉድለት ነው የሚያሳየን። ክብደት ከሁኔታው ሲመጣ ሌላ፣ ከራስ ጉድለት ሲመጣ ሌላ ነው።

እንዲህ ካየነው የጓደኛችን አሥራ አምስት ሜትር የከበደው ወንዙ ክፉ ሆኖ አይደለም። አለማወቁ ነው፤ በላዩ ላይ ደግሞ ውሃን በሩጫ መናቁ። ለልጁ የቀለለው ግን ክብደቱ ጠፍቶ አይደለም፤ ቀድሞ ተከፍሎ ነው። በስድስት በሰባት ዓመቱ ጭቃ ውሃ እየጠጣ፣ እያስመለሰ፣ ምናልባትም እየተገረፈ ከፍሎታል። ማንም አላየውም፤ ማንም አላጨበጨበም። አበበስ ቢሆን? በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቶ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ዓለም ያጨበጨበው ስለቀለለው አልነበረም እንዴ? አልደከመውምና ወርቁ ይነሰው ያለ ሰው የለም። አክዋሪ ደግሞ የተጨበጨበለት ስለከበደው ነው። እንግዲህ ስንፈልግ ቅለትን፣ ስንፈልግ ክብደትን እናከብራለን። ሁለቱም ጊዜ ግን በዓይናችን ያየነውን ብቻ ነው።

ስለ ዓይን ካነሣን፣ መናገር የማንፈልገውን አንድ ነገር መናገር አለብን። በነሐሴ 2008 ዓ.ም. ሪዮ ላይ በመክፈቻው ቀን ባንዲራችንን ይዞ የገባው ሮቤል ኪሮስ የተባለ ዋናተኛ ነበር። ነሐሴ 3 ቀን 100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ዋኝቶ በ1 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ከ95 ገባ፤ ከ59 ዋናተኞች 59ኛ። ያን ውድድር ያሸነፈው አውስትራሊያዊ በፍጻሜው 47 ሰከንድ ከ58 ነበር የፈጀበት። የሮቤል ፎቶ፣ ሆዱ ሞላ ብሎ፣ በዓለም ዙሪያ ዞረ። የውጭ ጋዜጦች ስም አወጡለት፤ ስሙን አንደግመውም። እኛ ያኔ የአሥራ ሁለት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጆች ነበርን። ሳቅን። ትልልቆቹም ሳቁ። ከሦስት ቀን በኋላ ነሐሴ 6 አልማዝ አያና 10,000 ሜትሩን በ29 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ከ45 ሮጣ፣ ሃያ ሦስት ዓመት የቆየውን የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር ዕፎይ አልን፤ «የእኛ» ተገኘ። ሮቤል ግን የማን እንደነበረ ማንም አልጠየቀም።

አሁን እናስብ። ያን ቀን ከሳቅነው መካከል 100 ሜትር በምንም ያህል ጊዜ መዋኘት የሚችል አንድ ሰው አልነበረም። 1 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ የምናውቅበት ሚዛን አልነበረንም። ሯጭ ሲደክም እናውቃለን፤ ከትከሻው፣ ከአንገቱ፣ ከአረጋገጡ እናነበዋለን፤ በዚህ አገር ያደገ ሰው ሁሉ በሩጫ ነገር ሊቅ ነው። በውሃ ነገር ግን ዕውሮች ነን። ስለዚህ ሚዛን ስናጣ ሆዱን መዘንን።

በመስከረም 1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ የኢኳቶሪያል ጊኒው ኤሪክ ሙሳምባኒ ያንኑ 100 ሜትር በ1 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ከ72 ነበር የዋኘው። ከሮቤል በጣም የዘገየ ነው። ሁለቱ ተወዳዳሪዎቹ ያለ ጊዜያቸው በመዝለላቸው ተሰርዘው ብቻውን ዋኘ፤ ሊሰምጥም የደረሰ መሰለ፤ አዳራሹ በሙሉ በጭብጨባ አደረሰው። ለምን እሱ ተጨበጨበለት? ሲቸገር ስለታየ ይመስለናል። ሮቤል አልሰመጠም። በሥርዓት ዋኝቶ ዘግይቶ ገባ። ሊሰምጥ ቢቃረብ ኖሮ እናዝንለት ነበር ማለት ነው። ብላቴ ላይ ያየነው ደግሞ ይኸንንም አፈረሰብን፤ ጓደኛችን እየሰመጠ ነው የሳቅነው።

«ኧረ ነገሩ እንደዚያ አይደለም» የሚሉን አሉ። አባትየው በጊዜው የዋና ፌዴሬሽኑ ፕሬዝዳንት እንደነበሩ በየጋዜጣው ተጽፏል፤ የሳቁ ሥር ቁጣ ነበር ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከተገቢም በላይ ነው። ኦሊምፒክ ዋና ላልተስፋፋባቸው አገሮች የሚሰጠው ቦታ ለማን ይድረስ? ጣና ዳር፣ ሐዋሳ ዳር፣ ብላቴ ዳር ውሃ ውስጥ ያደጉ ልጆች በየት በኩል አልፈው ይታዩ? ይህ የፍትሕ ጥያቄ ነው፤ መጠየቅ ያለበትም ጥርስ ሳይታይ ነው። በሰው ሆድ የሳቀ ሰው ግን ይህን ጥያቄ አልጠየቀም፤ እንዲያውም ጥያቄው በሳቁ ውስጥ ጠፋና ቀረ። እኛ ከሳቅን በኋላ ስለ ብላቴ እረኞች ያሰበ አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ ወደ 300,000 ሰው በዓለም ላይ ሰምጦ ሞቷል፤ ከዘጠና በመቶ የሚበልጠውም እንደእኛ ባሉ ድሀና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በየትምህርት ቤታችን የሩጫ ውድድር ሲኖር አይተናል። ውሃ ላይ መንሳፈፍ ያስተማረን ግን የለም፤ ከበዴሳ ቁልቁል ወንዝ፣ ከወንዙ ቁልቁል ሐይቅ እያለ።

ሯጩ ጓደኛችን ሁለት ቀን ሻይ ቤት አልመጣም። ተቀይሞን ነበር፤ መብቱ ነው። ከመስመጡ ይልቅ ሳቃችን እንዳመመው ለአንዳችን ብቻ ነግሮታል። ዋናተኛው ሊያስታርቀን ሲሄድ ቤት አጣው። ብላቴ ወርዷል አሉት።

ተከትለን ስንደርስ ልጁ ዳር ላይ፣ ውሃው ደረት በሚደርስበት ቦታ አቁሞት ያስተምረዋል። ፊቱን ውሃ ውስጥ አስገብቶ እንዲተነፍስ ያዘዋል። ጓደኛችን እግሮቹን እንደለመደው ወደፊት ይጥላል፤ ውሃው ይበጠበጣል፤ እሱ ግን ካለበት አይነቃነቅም። «አትሩጥ!» ይለዋል ልጁ። «ውሃ ውስጥ አትሩጥ!» ውሃ ጠጣ፤ ሳለ፤ እንደገና ጀመረ። እኛ ዳር ቁጭ አልን። ማንም አልሳቀም፤ ምን ማለት እንዳለብን ግን አላወቅንም።

ትንሽ እንደቆየን ከብቶቹ ወደ ሰው ማሳ መቅረብ ጀመሩ። ልጁ ይኸን ሲያይ ከውሃው ወጥቶ ዱላውን አንሥቶ በባዶ እግሩ ዳገቱን እየሮጠ ወጣ፤ ሲሮጥ ደግሞ ጎበዝ ነው። ጓደኛችን ብቻውን ቀረ። ውጣ፣ እስኪመለስ ዳር ጠብቀው አልነው። እጁን አወዛወዘና ፊቱን መልሶ ውሃው ውስጥ አስገባ።